ጠረጴዛው እንዳይጫር፣ ካርታው እንዳይንሸራተት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? የምጽፍልዎት ከኮምቦልቻ ነው። እናቴ ያወረሰችኝ የዋንዛ የምግብ ጠረጴዛ አለኝ። ወርዱ 90፣ ርዝመቱ 150 ሳንቲ ሜትር ነው። ቅዳሜ ማታ ወንድሞቼና የባለቤቴ ጓደኞች ተሰብስበው ካርታ ይጫወቱበታል። ድሮ ኮንከር ነበር። ዘንድሮ ታናሽ ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ ቺፕስ የሚሏቸውን ባለ ቀለም ክብ ፕላስቲኮች በሳጥን ይዞ መጣና ፖከር አስተማራቸው። ከዚያ ወዲህ ጠረጴዛዬ ፍዳውን እያየ ነው። ቺፕሱ ቫርኒሹን ይጭረዋል። ላስቲክ ሳነጥፍበት ካርታው እየተንሸራተተ ወለል ላይ ይወርዳል። ዳንቴል ሳለብሰው ደግሞ ካርታው ከጠረጴዛው አልነሳ ይላል። ወንድሜ ጠረጴዛ ላይ የሚደረብ፣ ሲያበቃ ታጥፎ የሚቀመጥ ገበታ ውጭ አይቻለሁ ይላል። ራሳችን ልንሠራው እንችላለን? መጋዝ፣ መዶሻና ካቻቪቴ አለን፤ ድሪል ከጎረቤት እንዋሳለን። የሚጫወቱት አብዛኛውን ጊዜ ሰባት ናቸው። ማስቀመጫዬ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለችው ክፍተት ብቻ ናት።
ጠረጴዛዋ ያሳዘናት፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ትሠሩታላችሁ። ብዙ ሰው ጭንቁ ማጠፉ ላይ ይመስለዋል። እሱ እንኳ ቀላሉ ነው። የሚያስቸግሩት ጨርቁና የሰው ክርን ናቸው። ጨርቁ መታጠፊያው ላይ ይሸበሸባል። ክርን ደግሞ ጫፉን እየተጫነ ገበታውን ከመሃል ያስነሳዋል። ለእነዚህ ለሁለቱ አስቀድማችሁ መላ ካበጃችሁ፣ የቀረው የመጋዝና የትዕግሥት ጉዳይ ነው።

ከልኩ ልጀምር። የጠረጴዛሽ ዙሪያ 480 ሳንቲ ነው። አንድ ተጫዋች ክርኑን ሳይሰበስብ ለመቀመጥ 60 ሳንቲ ያህል ጠርዝ ይፈልጋል። በሒሳብ ስምንት ሰው ይይዛል ማለት ነው። በተግባር ግን ማዕዘን ላይ ደህና አድርጎ የሚቀመጥ ሰው የለም፤ ጉልበቱ ከጠረጴዛው እግር ጋር ይጣላል። ስለዚህ ገበታው በሁሉም አቅጣጫ ከጠረጴዛው 15 ሳንቲ ይለፍ። ወርዱ 120፣ ርዝመቱ 180 ይመጣል። በአንዱ ረጅም ጎን ሦስት፣ በሌላው ሁለት፣ በጫፍና በጫፍ አንድ አንድ ሰው ይቀመጣል። ሰባቱም ቦታ አገኙ።

ወንድምሽ ውጭ ያየው ስምንት ማዕዘን ሳይሆን አይቀርም። 120 በ120 ከሆነ ካሬ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ስምንት ማዕዘን ለማውጣት ከየማዕዘኑ 35 ሳንቲ ይቆረጣል። ያንን ልክ ወዳንቺ ገበታ ካመጣችሁት ግን የዋንዛው ጠረጴዛ ማዕዘን ከሥር አፍንጫውን ያወጣል። 30 ብትቆርጡ ከጠርዙ ጋር ልክ ይገጥማል፤ ያም አያምርም። 25 ሳንቲ ቁረጡ። ማዕዘኑ ይሸፈናል፣ ገበታው ሾጣጣ አይሆንም፣ ሆድ የሚወጋ ጫፍም አይኖረውም።

እንጨቱ ባለ 12 ሚሊ ኮምፔርሳቶ ይሁን። አንድ ሙሉ ኮምፔርሳቶ 122 በ244 ሳንቲ ስለሆነ ከአንዱ ሁለቱንም ግማሽ ታወጣላችሁ፤ እያንዳንዱ 120 በ90 ነው። የሚሸጥበት ቦታ የመቁረጫ ማሽን ካለ እዚያው አስቆርጡት። ቀጥ ያለ ቁራጭ በእጅ መጋዝ ማውጣት ለለመደ ሰው ነው፤ ደግሞም ግማሽ ግማሹን በባጃጅ መጫን ይቀላል። ማዕዘኖቹን ቤት ስትደርሱ በመጋዝ ትጨርሷቸዋላችሁ። የሁለቱ ግማሾች መገናኛ ጠርዝ የማሽኑ ቁራጭ ይሁን። እዚያ ላይ አንድ ሚሊ ብትዛነፍ ዕድሜ ልክ ትታያለች። ማዕዘኖቹን ከመቁረጣችሁ በፊት የእያንዳንዱን ግማሽ ሁለት ሰያፍ ለኩ። እኩል ከመጡ ስኳድራው ልክ ነው።

ባለ 18 ሚሊ ይሻላል የሚል ሰው አይጠፋም። ጠንካራ ነው፣ እውነት ነው። ግን ገበታው ጠረጴዛ ላይ ነው የሚተኛው፤ በራሱ እግር የሚቆም አይደለም። በ12 ሚሊ ሁለቱ ግማሽ አንድ ላይ ወደ 15 ኪሎ ይመዝናል። በ18 ሚሊ ከ20 ኪሎ ያልፋል። ቅዳሜ ማታ ከቁም ሳጥን ጀርባ የምታወጪው አንቺ ነሽ፤ አስቢው። ኤም ዲ ኤፍ የሚሉት ከተፈጨ እንጨት የተጨመቀው ሰሌዳ ደግሞ ከዚህም ይከብዳል፣ ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ጠርዙ ላይም ቪቴ አይዝም።

«የዋንዛ ሳንቃ አለን፣ እሱን ብንጋጥምስ?» የሚል ሐሳብ ከመጣ ባይሆን ደስ ይለኛል። ዋንዛ እወዳለሁ፤ እንጀራዬ ነው። ነገር ግን ሳንቃ በወርዱ ይነፋል፣ ይኮማተራል። ደሴ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ በክረምት ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ቤት ውስጥ ይገባል። ኮምቦልቻ ከዚያ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ ፀሐይዋም ሌላ ነው። ደሴ በሐምሌ ተጋጥሞ ኮምቦልቻ የወረደ የዋንዛ ገጽ አሳይተውኛል። በበጋው መጋጠሚያው ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያሾልክ ክፍተት ተከፍቷል። ለጠረጴዛ ይታለፋል፤ ለካርታ ገበታ አይሆንም። ኮምፔርሳቶ ድርብርቡ እየተላለፈ ስለሚጣበቅ ይህን ያህል አይንቀሳቀስም።

ዋጋ አልጽፍም። መጽሔቱ እጃችሁ እስኪገባ ዋጋው ሌላ ነው።

አሁን ወደ ጨርቁ። ከሥሩ ቀጭን ስፖንጅ ይለጠፋል፤ 5 ወይም 6 ሚሊ። ሶፋ ሠሪዎች ጋ ስትሄዱ ወፍራሙን ያወጡላችኋል፤ እምቢ በሉ። ወፍራም ስፖንጅ ላይ የቺፕስ ቁልል ይዘማል፣ ካርታም ጠርዙ ስለሚሰምጥ በጥፍር ተቆፍሮ ነው የሚነሳው። ጥሩው ስፖንጅ በአውራ ጣት ስትጫኑት ትንሽ ገባ ብሎ ወዲያው የሚመለስ ነው። ሰዎች ለስፖርት መሬት ላይ የሚያነጥፉት ቀጭኑ ምንጣፍም ይሆናል።

በማስቲሽ ለጥፉት። እንጨቱንም ስፖንጁንም ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ጣት ሲነካው የማይጣበቅ እስኪሆን ጠብቁና ከአንድ ጫፍ እየተጫናችሁ አስተኙት። አንዴ ከነካ አይመለስም። መስኮት ክፈቱ። ይህን ደግሞ አስምሬበት እላለሁ፤ ማስቲሽ ሲቀባ ቡና አይፈላ። ሽታው ራሱ እሳት ይስባል፤ ከሰል በተያያዘበት ክፍል ውስጥ ጣሳው መከፈት የለበትም። አቦሉ ይቆይ፣ ወይም ሥራው በረንዳ ላይ ይሁን።

ስፖንጁ መገናኛው ጠርዝ ላይ ሲደርስ በምላጭ ልክ ከእንጨቱ ጋር ይቆረጥ። ወደ ታች እንዳይታጠፍ። እዚያ ጠርዝ ላይ የሚጠቀለለው ጨርቁ ብቻ ነው። ስፖንጅም ከተጠቀለለ ሁለቱ ግማሾች ሲገጥሙ መሃሉ ላይ ቦይ ይሠራል፤ ካርታ ሁሉ እዚያ ይገባል።

ጨርቁን በአንድ ወጥ አድርጎ ሁለቱን ግማሽ ማልበስ የሚያጓጓ ነገር ነው። መስመር አይታይም፣ ያምራል። ለመጀመሪያው ወር! ከዚያ በኋላ መታጠፊያው ላይ ይለጠጥና ስትዘረጉት እንደተተኛበት ቀሚስ ይጨማደዳል። እያንዳንዱን ግማሽ ለብቻው አልብሱ። መሃሉ ላይ ቀጭን መስመር ትታያለች፤ ማንም አይሞትም። የፖከር አምስቱ የጋራ ካርታዎች መሃል እንደሚዘረጉ ወንድምሽ ያውቃል። የአንዱ ካርታ ወርድ 6 ሳንቲ ከምናምን ስለሆነ አምስቱ ጎን ለጎን ከ32 ሳንቲ ብዙም አያልፉም። ከመስመሩ ወዲህ ወይም ወዲያ ይዘርጋቸው እንጂ በላዩ ላይ አያሻግራቸው።

የጨርቅ ምርጫ ላይ የኮምቦልቻ ልጅ አልመክርም፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲያፏጭ ሰምታችሁ ያደጋችሁ ናችሁ። አንድ ፈተና ግን ልስጥሽ። ሱቅ ስትሄጂ ካርታ ያዢ። ጨርቁን ባንኮኒው ላይ ዘርጊና አንዷን ካርታ በጣትሽ ግፊያት። ትንሽ ሄዳ ከቆመች ግዢው። ከባንኮኒው ከወደቀች ይለሰልሳል። ጭራሽ ካልሄደች ይይዛል። ጠበቅ ብሎ የተሸመነ ገበርዲን ይህን ፈተና ብዙ ጊዜ ያልፋል። የፑል ቤት ጨርቅ ካገኛችሁማ ጥሩ ነው፤ የሚወደደው ግን በከንቱ አይደለም። ቀለሙ አንድ ወጥና ጠቆር ያለ ይሁን። አበባ ያለበት ጨርቅ ላይ ቀይ ካርታ ይጠፋል። 150 ሳንቲ ወርድ ካለው ጨርቅ ሁለት ሜትር ከሩብ ይበቃችኋል፤ ጥጥ ከሆነ ሁለት ሜትር ተኩል ግዙና መጀመሪያ እጠቡት፣ ቀድሞ ይኮማተር።

ሲለብስ ጨርቁ ወደ ሥር 8 ሳንቲ ያህል ይተርፍ። መጀመሪያ ከመገናኛው ጠርዝ መሃል አንድ ስቴፕል፣ ከፊት ለፊቱ ሳብ አድርጋችሁ አንድ፤ ከዚያ ግራና ቀኝ። ከመሃል ወደ ማዕዘን ነው የሚኬደው። ከማዕዘን የጀመረ ሰው መሃሉ ላይ የተረፈ ጨርቅ ይዞ ይቀራል። የጨርቁ ክር ከመገናኛው ጠርዝ ጋር ትይዩ መሆኑን በየጊዜው እዩት፤ ከተጣመመ ነቅላችሁ ድገሙት። ስቴፕሉ 8 ሚሊ ይሁን። የሶፋ ሠሪዎቹን የስቴፕል ሽጉጥ ለአንድ ከሰዓት ተዋሱ። ምስማር በመዶሻ ካልሆነ በቀር ሌላ የለንም ካላችሁ አጭር ባለ ሰፊ ራስ ምስማር ይሠራል፤ ጣት ነው የሚጎዳው።

ማጠፊያው የሚገባው ከለበሰ በኋላ ነው። ሳይለብስ ካሰራችሁት የጨርቁ ውፍረት መገናኛውን ያጣብበውና ገበታው ሲዘረጋ ቀጥ አይልም። ሁለቱን ግማሽ ፊታቸውን ወደ ታች አድርጋችሁ ንጹሕ አንሶላ ላይ አስተኟቸው፤ አጣብቃችሁ አስጠጉ። ሦስት ማጠፊያ ይበቃል፤ አንዱ መሃል፣ ሁለቱ ከየጫፉ 15 ሳንቲ ገባ ብለው። ረጅሙ ወጥ ማጠፊያ ከተገኘ ደግሞ የተሻለ ነው። ቪቴው ከ10 ሚሊ አይርዘም። እንጨቱ 12 ነው፤ ባለ 15 ሚሊ ቪቴ በጨርቁ ወጥቶ የአንዱን ክርን ያገኘዋል። የማጠፊያው ጉብታ ወደ ጠረጴዛው ስለሚዞር በመሮ ትንሽ ጎድጎድ አድርጋችሁ ቅበሩት።

በዚህ አሠራር ገበታው ሲታጠፍ ጨርቁ ወደ ውጭ ነው የሚሆነው። ከአሮጌ አንሶላ ከረጢት ስፉለት። ታጥፎ 120 በ90 ነው፤ ውፍረቱ 4 ሳንቲ ገደማ። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ቀጥ አድርጊና አቁሚው፤ ሲሚንቶው ላይ በባዶ አይረፍ፣ ከሥሩ ጨርቅ ይግባ።

ከጠረጴዛው ጋር የሚገናኝበት ነገር አለ። ለምንጣፍ ሥር የሚነጠፈው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለበት ላስቲክ ገበታው እንዳይንሸራተት ደህና ነው። ብቻውን ቫርኒሽ ላይ አታንጥፊው። ላስቲክ ቫርኒሽ ላይ ተጭኖ ሲቆይ ይጣበቅና ምልክቱን ይተዋል፤ በኮምቦልቻ ሙቀት ደግሞ ቶሎ ነው። ከሥሩ ስስ አቡጀዲ ይቅደም፣ ላስቲኩ ከላይ። ጨዋታው ሲያበቃም ሁሉም ይነሳ።

ክርኑን አልረሳሁም። ጫፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ከወንበሩ ሲነሳ ገበታውን ይደገፋል። ገበታው በዚያ በኩል 15 ሳንቲ ወጥቷል፤ መሃሉ ደግሞ ማጠፊያ አለው። ሲጫነው መሃሉ እንደ ጎጆ ጣሪያ ይነሳል፤ ቺፕሱም ካርታውም ወደ ሁለት ይንሸራተታል። ለዚህ ነው ከ15 ሳንቲ በላይ አታስወጡት የምለው። መላው ዞር የሚል የእንጨት ምላስ ነው። በሁለቱ ጫፎች ከጠረጴዛው ጠርዝ ውጭ ሁለት ሁለት ቀዳዳ ብሱ። ስፖንጁ ከመለጠፉ በፊት ከላይ በኩል ባለ ጥርስ ዳዶ እንጨቱ ውስጥ መትታችሁ ቅበሩ። ከሥር ብሎን ይገባል። ብሎኑ ላይ መጀመሪያ የጠረጴዛውን ገጽ ያህል ውፍረት ያላት ቁራጭ፣ ከሷ ሥር 10 ሳንቲ ርዝመት ያላት ምላስ። ምላሷን ወደ ጠረጴዛው ሥር አዙሮ ማጥበቅ ነው። የዋንዛው ገጽ ከክፈፉ ሦስት አራት ሳንቲ ወጣ ያለ ከሆነ ትይዛለች። ምላሷ የጠረጴዛውን ሥር እንዳትጭር አቡጀዲ ለጥፉባት። ስትሰበስቡ ብሎኖቹን ፈታችሁ ከረጢቱ ውስጥ ጣሏቸው። እንዳሉ ከተዋችኋቸው ገበታው አይታጠፍም።

ወንድምሽ ጠርዙ ዙሪያ የሶፋ ሌዘር የለበሰ የክርን መደገፊያ ይኑረው ማለቱ አይቀርም። ያምራል። ግን ታጥፎ ውፍረቱ በእጥፍ ይጨምራል፣ ከቁም ሳጥኑ ጀርባም አይገባም። መጀመሪያ ይህንን ሠርታችሁ ተጫወቱበት።

ክረምቱ ገብቶ ሰው ቤት ውስጥ ሲከተት ይመስለኛል፣ በዚሁ ጉዳይ ሌሎች ደብዳቤዎችም መጥተዋል። አጠር አጠር አድርጌ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ልጆቼ የካርታ ገበታ እንሥራ ብለው እንጨት እንድገዛ ይጨቀጭቁኛል። ቁማር በገዛ እጄ ቤቴ ላስገባ እንዴ?
እናት ነኝ፣ ከደሴ

መልስ፦ እትዬ፣ ገንዘብ የሚመደብበት ከሆነ እንጨቱን አይግዙ፤ እኔም አልሠራም። ያለ ገንዘብ ከሆነ ግን ልጆቹ ውጭ ከሚያመሹ ዐይንዎ ሥር ቢያመሹ ይሻላል ባይ ነኝ። ፖከር ያለ መደብ አይጣፍጥም ይላሉ። መደቡ ሽንብራ ወይም ቆርኪ ይሁን። በእኛ ቤት የተሸነፈ ሲኒ ያጥባል፤ በረካው እስኪጠጣ ድረስ ጨዋታው ጦፎ ነው የሚያመሸው። ገበታው ደግሞ ለካርታ ብቻ አይደለም። ዳማም ቼዝም ይሄድበታል፣ የልጆቹ የቤት ሥራም። እርስዎም ልብስ ሲቀዱ ይዘርጉት፤ መቀሱን ግን ከጨርቁ ያርቁ።

ጥያቄ፦ ገበታ ሠርቼ በአረንጓዴ ከፋይ አለበስኩት። ያማረ ነበር። አሁን ካርታ ሳድል ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል፣ ልብሳችንም ላይ አረንጓዴ ብናኝ ይቀራል። ምን ላድርግ?
ከወልድያ

መልስ፦ ከፋይ ለመጋረጃ ነው ወንድሜ። ፀጉሩ ካርታውን ይይዘዋል፣ እየተበጠሰም ይበናል። ብሩሽም ብትመታው አይድንም። ስቴፕሉን በጠፍጣፋ ካቻቪቴ እየነቀልክ አውልቀውና ገበርዲን አልብሰው። ስፖንጁን አትንካው። ከፋዩ ደህና ከሆነ ለሁለት ትራስ ይበቃሃል።

ጥያቄ፦ የምግብ ጠረጴዛችን መስታወት ነው። ገበታ ልንደርብበት እንችላለን?
ከሐይቅ

መልስ፦ ከጠርዙ የሚያልፍ ከሆነ አይሆንም። ሰው ሲደገፍ ሸክሙ በሙሉ የመስታወቱ ጠርዝ ላይ ያርፋል፤ መስታወት ደግሞ ጠርዙ ላይ ነው የሚሸነፈው። ልክ በጠረጴዛው ልክ፣ ወይም ሁለት ሳንቲ ገባ አድርጋችሁ ከሠራችሁት፣ ከሥሩም ላስቲኩ ሙሉ ለሙሉ ከተነጠፈ ይቻላል። ቦታ ቢጠብም ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ተጫወቱ። ብሎንና ምላስ ግን መስታወት ላይ እንዳታስቡት።

ጥያቄ፦ ገበታው ላይ ቡና ፈሰሰ። ጨርቁን ሳልፈታ ማጽዳት ይቻላል?
ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ

መልስ፦ ወዲያው ከሆነ ይቻላል። በደረቅ ጨርቅ ተጭነሽ ምጠጪው፤ አትፈትጊው፣ ፈትጎ ማስገባት ነው። ከዚያ በቀዝቃዛ ውሃና በጥቂት ሳሙና የረጠበ ጨርቅ ከዳር ወደ መሃል ነካ ነካ አድርጊው። ውሃ አታብዢ፤ ስፖንጁ ከጠጣ ኮምፔርሳቶው ይነፋል። ተዘርግቶ ይድረቅ፣ ሳይደርቅ እንዳታጥፊው። ለሚቀጥለው ጊዜ ሲኒው ገበታው ላይ ቦታ የለውም፤ ከወንበሮቹ መሃል በርጩማ አስቀምጪና ረከቦቱ እዚያ ይሁን።